የካሊፐር ፒስተን ቤት ውስጥ መቀየር፦ የባሕር ዳር መኪና ባለቤቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ሲወጣ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይሰማል። ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። አንደኛው የፊት ጎማ ይግላል። ሰፈር ሲደርሱ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ነገሩ ሲፈተሽ ብዙ ጊዜ የሚደረሰው ካሊፐሩ (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ አቅፎ የሚይዘው የፍሬን ክፍል) ውስጥ ያለችው ፒስተን ጋ ነው። ከታች ያሉት መልሶች እንደ ቪትዝ፣ ያሪስና ኮሮላ ላሉ፣ የፊት ፍሬናቸው ዲስክ ለሆነና በአንድ ካሊፐር አንድ ፒስተን ላላቸው መኪኖች የሚሆኑ ናቸው። ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም። ንጽሕናና ትዕግሥት ግን የግድ ይፈልጋል።

ፒስተኗ ሥራዋ ምንድን ነው?

ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ በቱቦ ተገፍቶ ካሊፐሩ ውስጥ ይገባና ፒስተኗን ከኋላዋ ይገፋታል። እሷ ደግሞ ፓዱን፣ ማለትም የፍሬን ሸራውን፣ ዲስኩ ላይ ትጫነዋለች። ፔዳሉ ሲለቀቅ የሚመልሳት ስፕሪንግ የለም። ዙሪያዋን ጥብቅ አድርጎ የያዘ ጎሚኒ (የጎማ ቀለበት) አለ፤ ስትወጣ አብሯት ትንሽ ይጣመማል፣ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቦታው ሲመለስ እሷንም ይዟት ይመለሳል። የምትመለሰው ከአንድ ሚሊሜትር በታች ነው። ፓዱ ከዲስኩ የሚላቀቀው ግን በዚህችው ነው። ጎሚኒው ከደረቀ ወይም ፒስተኗ ከዛገች ፓዱ ዲስኩን እንደነካ ይቀራል፤ መኪናው ፍሬን እንደያዘ ይሄዳል ማለት ነው።

የያዘችው ፒስተኗ መሆኗን በምን አውቃለሁ?

ይህን ሳታጣሩ ዕቃ አትግዙ። ጎማ እንዲህ እንዲያዝ የሚያደርጉ ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ፒስተን ቀይረው ችግሩ ባለበት የቀጠለባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

መኪናውን አንስታችሁ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ርገጡና ልቀቁ። ጎማውን በእጅ አዙሩት። ካልዞረ ወይም ከሌላኛው ጎን በግልጽ ከከበደ፣ ካሊፐሩ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሩብ ዙር ፍቱ። ዘይት ፊጭ ብሎ ወጥቶ ጎማው ቀለል ካለ፣ ፒስተኗ ጥፋት የለባትም። ዘይቱ መመለሻ አጥቶ ታስሮ ነበር። ይህ ሲሆን ውስጡ ያበጠ የጎማ ቱቦ ወይም ማስተሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) ይጠረጠራል። ብሎኗ ተፈትታም ጎማው ካልተላቀቀ፣ የያዘው ነገር ካሊፐሩ ላይ ነው።

እዚያም ላይ ሁለት ነገር አለ። ካሊፐሩ ግራና ቀኝ የሚንሸራተትባቸው ሁለት ፒኖች አሉ። እነሱ ግራሶ ከጨረሱ ወይም ከዛጉ ልክ እንደ ፒስተን ችግር ይመስላሉ። ፈትታችሁ በእጅ ግፏቸው፤ ወጣ ገባ ማለት አለባቸው። ከውጭ ያለው ፓድ ከውስጠኛው ቀድሞ ካለቀ መጀመሪያ ፒኖቹን ጠርጥሩ። ፒኖቹ ደህና ሆነው፣ ማስወጫዋ ተፈትታ፣ ፒስተኗ በሲ ክላምፕ ስትገፋ አልገባ ካለች አሁን አግኝታችኋታል።

የሐይቁ እርጥበት ነው የሚያዝጋት?

ብቻውን አይደለም። ጣና ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ውስጥ ብረት የሚበላው ዓይነት አየር እዚህ የለም። ፒስተኗ ጋ ውሃ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከውጭ ነው። የአቧራ መከላከያው ጎማ ከተቀደደ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጭቃና ጎርፍ በቀዳዳው ይገባል። ሁለተኛው ከውስጥ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዘይቱ ሳይቀየር ዓመታት ሲያስቆጥር ውሃው እየበዛ ይሄድና ብረቱን ከውስጥ ይበላል። መኪናው ለረጅም ጊዜ ከቆመ ደግሞ ይብሳል። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ከዚህ ሁሉ ጣጣ ያድናል።

ለማንም ሰው ይሆናል? ወይስ መካኒክ ጋ ልውሰደው?

ጎማ ፈትታችሁና ፓድ ቀይራችሁ የምታውቁ ከሆነ ይቻላል። ያንንም ሠርታችሁ ካላወቃችሁ፣ የመጀመሪያውን ጎን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቆሞ ሥሩ። የባሕር ዳር መንገድ በሳይክልና በባጃጅ የተሞላ ነው። ፍሬናችሁ ቢከዳ የሚጎዳው እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

የማይሆንባቸው መኪኖችም አሉ። የኋላው ካሊፐር የእጅ ፍሬኑን አብሮ የሚይዝ ከሆነ፣ ብዙዎቹ ላይ ፒስተኗ የምትገባው እየዞረች ነው፤ በጉልበት ከተገፋች ውስጧ ይሰበራል። የእጅ ፍሬኑ በቁልፍ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ከሆነማ ያለ ኮምፒውተር አትንኩት። የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚከላከለው ሲስተም) መብራት በርቶ የቆየ መኪና ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይታይ።

ጎሚኒውን ብቻ ልቀይር፣ ፒስተኗን ወይስ ሙሉ ካሊፐሩን?

ፒስተኗ ከወጣች በኋላ እንጂ ከመውጣቷ በፊት መልስ የለውም። አውጥታችሁ ጥረጓትና ፀሐይ ላይ ያዟት። ብዙ ጊዜ ዝገቱ የሚገኘው ከአቧራ መከላከያው ጎማ ሥር፣ ጫፏ አካባቢ ነው፤ ቡናማ ሊጥ የመሰለ ነገር ዙሪያዋን ይይዛል። ያ ሲጠረግ ከሥሩ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጉድጓዶች ካሉ ይታያሉ። ጥፍራችሁን በላያቸው ላይ አሂዱ። ጥፍር ከያዘ ጎሚኒውንም ይበላዋል፤ ፒስተኗ ትቀየር። ጥፍር ሳይዝ ለስላሳ ሆኖ ካለፈ ፒስተኗ ደህና ናት፤ ጎሚኒውና የአቧራ መከላከያው ይበቃል። የወጣ ጎሚኒ ግን ደህና ቢመስልም ተመልሶ አይገባም።

የካሊፐሩን ጉድጓድ በባትሪ እዩት። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ከተቦረቦረ ወይም ግድግዳው በጥልቀት ከተጫረ ሙሉውን ቀይሩ። እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

አንዳንድ መኪና ላይ ፒስተኗ ብረት አይደለችም፤ እንደ ጠንካራ ፕላስቲክ ያለች ናት። እሷ አትዝግም፤ ግን ትሰነጠቃለች፣ ጫፏም ይሸረፋል። የተሸረፈች ከሆነ አትመለስ።

በብርጭቆ ወረቀት ባሻሽላትስ?

አይሆንም። የብረት ፒስተን ላዩ በስስ ክሮም የተለበጠ ነው። ያ ልባስ ከተፋቀ ለጊዜው ታበራለች፣ ክረምት ሲመጣ ግን ከበፊቱ ብሳ ትዝጋለች።

ቶርኖ ቤት በልኳ ባስቀርጻትስ?

ከተማችን ውስጥ እጃቸው የተባረከ የቶርኖ ባለሙያዎች አሉ፤ ለብዙ ነገር እኔም ወደ እነሱ ነው የምሄደው። ለፍሬን ፒስተን ግን አልመክርም። ልኩ ቢደርስ እንኳ የብረቱ ዓይነትና የላዩ ልባስ ከፋብሪካው ጋር አንድ አይሆንም። በፒስተኗና በጉድጓዱ መካከል ያለው ክፍተት እጅግ ጠባብ ነው። ትንሽ ከሰፋ ዘይት ያፈሳል፣ ትንሽ ከጠበበ ሲሞቅ ይይዛል። ባዶ ቦታ ላይ ስትሞክሩት ደህና ይመስላል፤ ጉዱ የሚወጣው ቁልቁለት ላይ ነው።

ትክክለኛውን ዕቃ እንዴት ላግኝ?

የመኪናውን የሻንሲ ቁጥርና አሮጌዋን ፒስተን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ቪትዞች የተለያየ ካሊፐር ሊኖራቸው ይችላል። ሱቁ ውስጥ ቨርኒየር (የስፋት መለኪያ) አስመጥታችሁ የሁለቱንም ስፋትና ቁመት ለኩ። «ትንሽ ነው የሚለየው፣ ይሠራል» ከተባላችሁ አትቀበሉ፤ የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ሌላ ዕቃ ነው። እዚህ ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቃችሁ ሰው ልኩን ይዞ ይፈልግላችሁ። ዕቃው እስኪመጣ ድረስ መኪናው ተፈትቶ እንዳይቆም ቀድማችሁ አስቡ።

መኪናውን በክሪክ ብቻ ማቆም ይቻላል?

አይቻልም። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለማቆም አልተሠራም። የብረት መቆሚያ ተዋሱ። ድንጋይ ይሰነጠቃል፣ ብሎኬትም ድንገት ይደቅቃል። የኋላ ጎማዎቹ ሥር ታኮ አስገቡ፤ መሬቱም ጠንካራና ሜዳ ይሁን። ዝናብ የለሰለሰው የግቢ አፈር ላይ መቆሚያው ራሱ ይሰምጣል።

ፒስተኗ አልወጣ አለች። ምን ላድርግ?

ብዙ ሰው የሚቸገረውም፣ የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ የመኪናው የራሱ ፔዳል ነው። ቱቦውን ከመፍታታችሁ በፊት ካሊፐሩን ከቦታው አውርዱ፤ በቱቦው እንዳይንጠለጠል ግን በሽቦ እሰሩት። የተንጠለጠለ ቱቦ ውስጡ ይቀደዳል፤ ከላይ አይታይም። ፓዶቹን አውጡና በቦታቸው ስስ ጣውላ አስገቡ። አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ እያለ ይርገጥ። የዛገች ፒስተን እንኳ በዚህ ግፊት ትንቀሳቀሳለች። ጣውላው ጋ ስትደርስ በሳሳው ለውጡና ቀጥሉ። በመሃል የፍሬን ዘይት የሚሞላበት ጎድጓዳ እንዳይደርቅ ሙሉት። ልትወጣ ስትል አቁሙ፤ ቱቦውን ፈትታችሁ ቀሪውን በእጅ አውጧት። ከሥር ሳፋ ይኑር፤ ዘይቱ ይፈሳል።

ቱቦውን ቀድማችሁ ፈትታችሁ ከሆነ አየር መጠቀም ይቻላል። ብዙዎች ካሊፐሩን ይዘው ጎሚስታ ቤት ይሄዳሉ። እባካችሁ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ኮምፕሬሰሩ ሲለቀቅ ፒስተኗ እንደ ጥይት ነው የምትወጣው፤ ጣት በመካከል ካለ ይቆረጣል። ወፍራም ጣውላና ጨርቅ ፊቷ ላይ አድርጉ። ካሊፐሩ ሞርሳ ላይ ይታሰር። ጣታችሁ ፒስተኗና የካሊፐሩ ጥፍሮች መሃል ፈጽሞ አይግባ። አየሩ ከትንሹ ጀምሮ ጭስ ጭስ እየተደረገ ይግባ እንጂ በአንዴ አይለቀቅ። ዓይናችሁ ላይ መነጽር ይኑር።

በፒንሳ ጎኗን ይዞ መጎተት፣ በካቻቢቴ መፈንቀል፣ ካሊፐሩን በእሳት ማሞቅ፣ ሁሉም ይቅር። በፔዳልም በአየርም እምቢ ካለች ያ ካሊፐር አልቆለታል።

ካሊፐሩን በቤንዚን ወይም በናፍታ ማጠብ ይቻላል?

በዚህ ገጽ ላይ አንድ ነገር ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህን አንብቡ። አይቻልም። ቤንዚን፣ ናፍታ፣ ላምባ፣ የሞተር ዘይት፣ ተራ ግራሶ፣ አንዳቸውም የፍሬን ጎሚኒ መንካት የለባቸውም። የፍሬን ጎሚኒ የተሠራው የፍሬን ዘይትን እንዲቋቋም ነው። ከድፍድፍ ነዳጅ የተገኘ ነገር ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። ያበጠ ጎሚኒ ፒስተኗን ጨምቆ ይይዛታል፤ ከሳምንታት በኋላ ጎማው እንደገና መጋል ይጀምራል። ባለቤቱ «አዲሱ ዕቃ አይረባም» ብሎ ሌላ ይገዛል። ጥፋቱ ግን የዕጥበቱ ነበር። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ነገር በአንድ የቤንዚን ቆርቆሮ ስለሚታጠብ፣ ሥራውን ለሌላ ሰው ብትሰጡም ይህችን ቆማችሁ ተከታተሉ።

የሚታጠበው በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ነው፤ ካልተገኘ በንጹሕ አዲስ የፍሬን ዘይት። ንጹሕ አልኮልም ይሆናል፤ ግን ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለበት። የመጨረሻው መጥረጊያ ብናኝ የማይለቅ ጨርቅ ይሁን።

አሮጌውን ጎሚኒ ከቦዩ ስታወጡ በብረት አትጫሩት። ስቴኪኒ ወይም የተቀረጸ እንጨት ይበቃል። ቦዩ ላይ የምትተዋት አንዲት ጭረት የዘይት መውጫ ትሆናለች።

ሌላው አቧራው ነው። የፍሬን ብናኝ በአፍም በኮምፕሬሰርም እፍ አይባልም። አሮጌ ፓዶች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ ሳምባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁን በፌስታል አስራችሁ ጣሉት።

መልሼ ስገጥም ምን ልጠንቀቅ?

አዲሱን ጎሚኒ በአዲስ የፍሬን ዘይት አርሱትና ቦዩ ውስጥ ሳይጣመም አስቀምጡት። በጣታችሁ ዙሪያውን ዳስሱ፤ የተጠቀለለ ቦታ ካለ ይታወቃል። ፒስተኗንም በዘይቱ ቀቧት። ከዚያ ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት አውራ ጣት ግፏት። ትንሽ ታስቸግራለች፣ ከዚያ በአንዴ ትገባለች። ካልገባች ጠማማ ናትና አውጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። መዶሻ ከተነሳ ሥራው ተበላሽቷል።

ለፒኖቹ የሚሆነው የሲሊኮን ግሪስ ነው። የቱቦው ብሎን ላይ ያሉትን ሁለት የመዳብ ሮንዴላዎች በአዲስ ለውጡ፤ አንዴ የተጠበቀ መዳብ ደግሞ በደንብ አይዘጋም።

ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ ከፈታችሁ ደግሞ የግራና የቀኙን ካሊፐር እንዳትለዋውጡ ምልክት አድርጉ። የአየር ማስወጫዋ ብሎን ሁልጊዜ ከላይ መሆን አለባት። ከታች ከሆነች አየሩ ላይኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ ይቀራል፤ ቀኑን ሙሉ ፔዳል ብትረግጡ አይወጣም።

ቱቦው ሲፈታ የገባው አየር እንዴት ነው የሚወጣው?

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ማስወጫዋ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦ አስገቡ፤ ሌላኛው ጫፉ ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይጠመቅ። ረዳታችሁ ይርገጥና እንደረገጠ ይቆይ። ብሎኗን ሩብ ዙር ትፈታላችሁ፤ አረፋ እየተንጣጣ ይወጣል። ታጠብቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ብቻ ይልቀቅ። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋው ጠፍቶ ዘይቱ ጥርት ብሎ እስኪመጣ ድገሙት። የዘይት ጎድጓዳውን በየመሃሉ እዩ፤ ከደረቀ ከዜሮ ነው የምትጀምሩት።

የቆየ መኪና ከሆነ ፔዳሉ ሥር ጣውላ አድርጉ፤ እስከ ወለሉ አይረገጥ። የማስተሩ ጎሚኒ ሄዶ የማያውቅበት ዝገት ላይ ከተንሸራተተ ይበላሻል፤ ሌላ ወጪ ነው።

ቀለም ላይ የተንጠባጠበ ዘይት ወዲያው በውሃ ይታጠብ። ቀለሙን ያነሳዋል።

የፍሬን ዘይቱ ዶት 3 ይሁን ወይስ ዶት 4?

የጎድጓዳው ክዳን ላይ የተጻፈውን። ሁለቱ ቢቀላቀሉም ችግር አይፈጥሩም፤ ዶት 4 ሙቀት በተሻለ ይቋቋማል። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አዲስ ዶት 4 ቢያንስ እስከ 230 ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲገባባቸው መፍያቸው ወደ 140 እና 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 5 ግን ሲሊኮን ነው፤ ከሁለቱም ጋር አይቀላቀልም። አምና ተከፍቶ ጓዳ የከረመ ጠርሙስ እንዳትጠቀሙ።

ፓዱን የፍሬን ዘይት ነካው። አጥቤ ልመልሰው?

አይ። ይቀየር፤ የሌላኛው ጎንም አብሮ።

የአንድ ጎን ፒስተን ብቻ መቀየር ይበቃል?

ሌላኛው ጎን ተከፍቶ ታይቶ ደህና ከሆነ ይበቃል። ሳይከፈት ግን «ደህና ነው» አይባልም። ሁለቱ ያሳለፉት ክረምት አንድ ነው። እኔ ብሆን ቢያንስ ጎሚኒውን በሁለቱም ጎን እቀይራለሁ።

አሮጌውን የፍሬን ዘይት የት ልድፋው?

ቦይ ውስጥ አይደፋም። የከተማው ጎርፍ መድረሻው ጣና ወይም ዓባይ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ መርዝ ነው። በተከደነ ጠርሙስ አድርጋችሁ የተቃጠለ ዘይት የሚሰበስብ ጋራዥ ስጡ፤ ከሞተር ዘይት ጋር ግን አትቀላቅሉት። ልጆችና ውሻ እንዳይደርሱበት አርቁት።

ጨርሼ ወዲያው አዲስ አበባ መሄድ እችላለሁ?

በዚያው ቀን አይሆንም። መጀመሪያ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ፔዳሉን ርገጡ። የመጀመሪያው እስከ ታች ሊወርድ ይችላል፤ ፒስተኗ ፓዱን እስክታገኝ ነው። ከጥቂት ርግጫ በኋላ ከላይ ጠንክሮ መያዝ አለበት። ተጭናችሁ ስትቆዩ ቀስ እያለ ከወረደ የሚያፈስ ነገር አለ። እንደ ስፖንጅ ከሆነ አየር አልወጣም። በሁለቱም ሁኔታ ከግቢ አትውጡ።

ደህና ከሆነ ጠዋት ሰውና ተሽከርካሪ ሳይበዛ ሜዳ መንገድ ላይ በዝግታ ሞክሩ። ፓዱም አዲስ ከሆነ በመጠነኛ ፍጥነት እየሄዳችሁ ደጋግማችሁ ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ በመሃል ይቀዝቅዝ። ስትመለሱ የቱቦውን ብሎንና ማስወጫዋን በደረቅ ሶፍት ጥረጉ። እርጥበት ካለ ፈልጉት። በከተማ ውስጥ ጥቂት ቀናት ነድታችሁ የጎድጓዳው ዘይት ካልቀነሰ ለረጅም መንገድ ዝግጁ ናችሁ።

የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ግን ለብቻው ይታሰብ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወረደው። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ደህናውንም ዘይት ያፈላል። ከመውረዳችሁ በፊት ደጀን ላይ ቁሙና እጃችሁን ሳትነኩ ወደ ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች አስጠጉ። ሙቀታቸው ተቀራራቢ ከሆነ ቀጥሉ። አንደኛው ለይቶ የሚጋረፍ ከሆነ ቁልቁለቱን አትጀምሩ፤ እዚያው መካኒክ ፈልጉ።